የሻሞኒ በጋ፤ የተራራው እንግዶችና የተራራው ሰዎች

ተራራ የዐይን ውበት፣ የመንፈስ ዕረፍት ነው ሲባል ዘወትር ይሰማል። ይህ አባባል ግን ተራራውን ከሩቅ መጥቶ ለሚያየው እንጂ በሥሩ ተወልዶ በሥሩ ለሚቀበረው ሰው ለብዙ ዘመን እውነት ሆኖ አልተገኘም። ለተራራው ገበሬ ተራራ ማለት ውርጭ፣ ናዳ፣ ጠባብ ማሳና ጎተራን የሚያራቁት ረጅም ብርድ ነበር። ታዲያ ያ አስፈሪ ስፍራ የእንግዳ መናፈሻ የሆነው እንዴት ነው? ይህንስ ለውጥ የተሸከመው የማን ትከሻ ነው? ለጥያቄው የተሟላ መልስ ከሚሰጡት ስፍራዎች አንዷ ሻሞኒ የምትባለው ትንሽ የአልፕስ ከተማ ናት።

ሻሞኒ በደቡብ ምሥራቅ ፈረንሳይ፣ ከኢጣሊያና ከስዊዘርላንድ ወሰን አጠገብ፣ በጠባብ ሸለቆ ውስጥ 1035 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከራስጌዋ ሞን ብላን፣ ማለትም ነጭ ተራራ፣ ከ4800 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይታያል። በዚህ ጽሑፍ «በጋ» የሚባለው በዚያ አገር ቀኑ የሚረዝምበትና ሙቀት የሚሰማበት ወቅት ነው። ይኸውም በኢትዮጵያ ሰማዩ ከብዶ ዝናብ ከሚወርድባቸው ከሰኔ እስከ ነሐሴ ካሉት ወራት ጋር የሚገጥም ነው። ዓመታቱም ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

እንግዳ ከመምጣቱ በፊት

የሸለቆው ስም በጽሑፍ የሚታወቀው ከ1091 ገደማ ጀምሮ ነው። በዚያን ጊዜ የአካባቢው መስፍን ሸለቆውን በቱሪን አቅራቢያ ለሚገኝ ገዳም በስጦታ ሰጠ። ከ1519 በኋላ ደግሞ መብቱ በሳላንሽ ከተማ ወደሚገኙ ካህናት ተላለፈ። ገዢው ቢለዋወጥም የገበሬው ዕጣ አልተለወጠም፤ የሚያርሰውን መሬት ግብር እየከፈለ የሚኖር ገባር ነበር።

ለዚህ ገባር በጋ የመዝናኛ ወቅት አልነበረም። የዓመቱ ሥራ ሁሉ በጥቂት ወራት ውስጥ ተጨምቆ የሚጠናቀቅበት ጊዜ ነበር። ከብቱ ወደ ከፍተኛው ግጦሽ ይወጣል፣ ሣሩ ታጭዶ ድርቆሽ ይሆናል፣ እህሉ ውርጭ ሳይቀድመው ይሰበሰባል፣ እንጨቱ ይከመራል። ብርዱ ሲገባ ከሳቮይ መንደሮች ብዙ ወንዶችና ልጆች ሥራ ፍለጋ ወደ ሩቅ ከተሞች ይሰደዱ ነበር። በፓሪስ የጭስ ማውጫ ጠራጊነት የሳቮይ ልጆች ሥራ ተብሎ እስከ መታወቅ ደርሷል።

በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት በዚህ ችግር ላይ ሌላ ችግር ተጨመረ። የአየሩ ጠባይ በመቀዝቀዙ ከተራራው የሚወርዱት የበረዶ ግግሮች እየረዘሙ ወደ ማሳና ወደ መንደር ተጠጉ። በ1644 ገበሬዎቹ የረዳት ጳጳሱን የቻርል ደ ሳልን ዕርዳታ ለመኑ። ጳጳሱም መጥቶ፣ ከሕዝቡ ጋር ወደ በረዶው ተጉዞ፣ ግግሩ እንዲያፈገፍግ ጸለየ። በዚያን ጊዜ የሻሞኒ ሰው ስለ በረዶው የነበረው ምኞት አንድ ብቻ ነበር፤ ከፊቱ እንዲርቅለት።

የመጀመሪያዎቹ የበጋ እንግዶች

በ1741 በጋ ዊልያም ዊንደም የተባለ ወጣት እንግሊዛዊና ከግብፅና ከምሥራቅ አገሮች ጉዞው የተመለሰው ሪቻርድ ፖኮክ ከጓደኞቻቸው ጋር ከጄኔቫ ተነሥተው ወደ ሸለቆው ገቡ። ዓላማቸው የበረዶ ግግሮቹን በቅርብ ማየት ነበር። የአገሩ ሰዎች ሐሳቡ እንግዳ ሆነባቸው። ወደዚያ ከፍታ የሚወጡት ሁለት ዐይነት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ አንደኛው በዓለት ስንጥቅ ውስጥ የሚገኘውን እንደ ብርሌ የጠራ ድንጋይ እየለቀመ የሚሸጥ፣ ሁለተኛው የዱር ፍየል አዳኝ። ሁለቱንም ወደ ገደል የሚወስዳቸው ኑሮ እንጂ የማየት ፍላጎት አልነበረም።

የሆነ ሆኖ ገበሬዎቹ መሪና ተሸካሚ ሆነው እንግዶቹን ሞንታንቬር ወደተባለው ከፍታ አወጧቸው። ዊንደም ከዚያ ቁልቁል ያየውን ግግር ነፋስ ሲያናውጠው ሳለ በድንገት ከረጋ ሐይቅ ጋር አመሳሰለው። በኋላ «ሜር ደ ግላስ»፣ የበረዶ ባሕር፣ ተብሎ የጸናው ስም ከዚህ ንጽጽር የመጣ ነው። የጉዞው ደብዳቤ በ1744 ለንደን ላይ ታተመ። ሸለቆው በተማረው አውሮፓ ዘንድ ታወቀ፤ በ1770ም በመንደሩ የመጀመሪያው ደህና የእንግዳ ማረፊያ ተከፈተ።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። በዓለም መዝገብ ውስጥ «ተገኘ» የተባለው መንገድ ለሸለቆው ሰው የዕለት መንገዱ ነበር። እንግዳው ያመጣው አዲስ ዐይንን ነው፤ እግሩን የመራው ዕውቀት ግን የድንጋይ ለቃሚውና የአዳኙ ነበር። የሻሞኒ የበጋ ታሪክ ከዚህ ጊዜ ጀምሮ የሁለቱ፣ የዐይኑና የእግሩ፣ ታሪክ ሆነ።

1786፤ ሁለት ድል በአንድ ዓመት

የጄኔቫው ሊቅ ኦራስ ቤኔዲክት ደ ሶሲዩር በ1760 ገና የሃያ ዓመት ወጣት ሳለ ወደ ሻሞኒ መጣ። ወደ ሞን ብላን ጫፍ የሚያደርስ መንገድ ለሚያገኝም ሽልማት እንደሚሰጥ አስታወቀ። ሃያ ስድስት ዓመት አለፈ። ብዙዎች ሞክረው ተመለሱ።

በኦገስት 8 ቀን 1786 ሁለት የሻሞኒ ተወላጆች፣ ሐኪሙ ሚሼል ጋብሪኤል ፓካርና ድንጋይ ለቃሚው ዣክ ባልማ፣ ከምሽቱ በፊት ጫፉ ላይ ቆሙ። ፓካር የአየር ግፊት መለኪያ ይዞ ነበር። የመንደሩ ሰዎችና እንግዶች ከታች ሆነው በረጅም መነጽር ይከታተሏቸው ነበር። በማግሥቱ ሁለቱም በበረዶ ነጸብራቅ ዐይናቸው ተጎድቶ፣ ፊታቸው ተቃጥሎ ወረዱ። ሶሲዩርም በተከታዩ ዓመት፣ በኦገስት 3 ቀን 1787፣ በአሥራ ስምንት መሪዎችና በአንድ አሽከር ታጅቦ ወጣ። ጫፉ ላይ ከአራት ሰዓት በላይ ቆይቶም የአየር ግፊቱንና ውሃ የሚፈላበትን የሙቀት መጠን ለካ።

የ1786 ታሪክ በዚህ አያበቃም። በዚያው ዓመት የሸለቆው ነዋሪዎች ከሳላንሽ ካህናት ነጻነታቸውን በገንዘብ ገዙ። የጫፉ መውጣት በየመጽሐፉ ይነገራል፤ የገባርነቱ መቅረት ግን ከታሪክ ጸሐፊዎች በቀር የሚያነሣው እምብዛም ነው። አንዱ ሌላውን አስከተለ ማለት አይደለም። ነገር ግን የሞን ብላን ጫፍ በተረገጠበት ዓመት የሻሞኒ ገበሬ የራሱን መሬት በራሱ ስም መርገጥ መጀመሩ ሊዘነጋ የሚገባው ነገር አይደለም።

ክብሩ የማን ነው?

ድሉ የሁለት ሰዎች ሆኖ ሳለ ክብሩ ለአንዱ ብቻ ተሰጠ። የጄኔቫው ሠዓሊና ዘማሪ ማርክ ቴዎዶር ቡሪ ራሱ ደጋግሞ ሞክሮ ያልተሳካለት ሰው ነበር። በዚያው በ1786 ባሳተመው ደብዳቤ ባልማን ከፍ፣ ፓካርን ዝቅ አድርጎ ጻፈ። የሶሲዩርንም ሽልማት የተቀበለው ባልማ ነው። ፓካር በ1827 ሞተ። ከአምስት ዓመት በኋላ ደራሲው አሌክሳንደር ዱማ ሻሞኒ መጥቶ በዕድሜ የገፋውን ባልማን አነጋገረ። በሕይወት ያለው ተናገረ፤ የሞተው መልስ አልነበረውም። ዱማም የሰማውን በተዋበ ብዕሩ ጽፎ ለዓለም አሰራጨ፤ በዚህ ትረካ ሐኪሙ ደካማና ተጎታች ሆኖ ቀረበ።

በ1887፣ ሶሲዩር የወጣበት መቶኛ ዓመት ሲከበር፣ በከተማዋ መካከል ሐውልት ቆመ። ባልማ በእጁ ወደ ጫፉ ያመለክታል፤ ሶሲዩር ቀና ብሎ ያያል። ፓካር ግን በሐውልቱ ላይ የለም። እውነቱ የተገለጠው ቀስ በቀስ ነው። የሁለቱን ጉዞ በዚያን ዕለት ከታች ሆኖ በመነጽር የተከታተለው ጀርመናዊው ባሮን ፎን ጌርስዶርፍ የጻፈው ማስታወሻና የሣለው ንድፍ በሃያኛው መቶ ዓመት ተመረመረ። ሐኪሙ የመንገዱ እኩል ባለቤት እንደ ነበረም ተረጋገጠ። በ1986፣ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ፣ ፓካር የራሱ ሐውልት ቆመለት። ስለዚህም ዛሬ ሻሞኒን የሚጎበኝ ሰው ሁለት ሐውልቶች ያያል፤ አንደኛው ድሉን፣ ሁለተኛው የተስተካከለውን ስሕተት ይናገራል። የብዕርና የቅርጽ ጥበብ ታሪክን ለማጣመምም ለማቅናትም ምን ያህል ኃይል እንዳለው ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

የሴቶቹም ታሪክ ከዚህ ይዛመዳል። በ1808 ጫፉን የረገጠችው የመጀመሪያዋ ሴት ማሪ ፓራዲ የሻሞኒ ድኻ አገልጋይ ነበረች። በ1838 ደግሞ ባለጸጋዋ አንሪዬት ዳንዤቪል ወጣች፤ ጉዞዋን ራሷ አቅዳ፣ ራሷ ጽፋ አስቀመጠች። ከወረደች በኋላ አሮጊቷን ማሪን ጋብዛ አብረው ማዕድ መቅረባቸው ይነገራል። አንዷ ጽፋ ታወቀች፤ ሌላዋ ግን የሌሎች ቃል ባያስታውሳት ኖሮ ተረስታ ትቀር ነበር።

ሦስት መሪዎችና አንድ ሣጥን

ወደ ተራራው መውጣት የበጋ ልማድ እየሆነ ሲሄድ አደጋውም አብሮ መጣ። በኦገስት 20 ቀን 1820 ዶክተር ጆሴፍ ሃሜል የተባለ ከሩሲያ የመጣ ተመራማሪ ቡድን ይዞ ሲወጣ የበረዶ ናዳ ወረደ። ፒየር ባልማ፣ ፒየር ካርዬና ኦጉስት ቴራ የተባሉ ሦስት መሪዎች በስንጥቅ ውስጥ ተቀበሩ። እንግዶቹ በሕይወት ተመለሱ።

ይህ ሐዘን ሸለቆውን ወደ አዲስ አስተሳሰብ መራው። በ1821 የሻሞኒ መሪዎች ማኅበር ተመሠረተ። ማኅበሩ ሁለት ዋና ዓላማዎች ነበሩት። የመጀመሪያው ሥራን በተራ ማከፋፈል ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ተረኛው መሪ ይሄዳል፣ አንዱ ጠግቦ ሌላው አይራብም። ሁለተኛው የመረዳጃ ሣጥን ነው፤ ከእያንዳንዱ ጉዞ ገቢ ጥቂት እየተቀነሰ ይጠራቀማል፣ አደጋ የደረሰበት መሪና የሟች ቤተ ሰብ ይረዳበታል። እድርን ለሚያውቅ አንባቢ የዚህ ሣጥን ትርጉም ብዙ ማብራሪያ አይሻም።

የተራው ሥርዓት ነቀፋ አላጣውም። በ1857 የተቋቋመው የእንግሊዝ የአልፕስ ክበብ አባላት ጎበዙንና ደካማውን መሪ እኩል ያደርጋል፣ እንግዳውም የሚፈልገውን መምረጥ አይችልም ሲሉ አጥብቀው ተከራከሩ። ክርክራቸው እውነት ነበረበት፤ በገደል ላይ የመሪ ችሎታ የሕይወት ጉዳይ ነውና። የማኅበሩም ምክንያት እውነት ነበረበት፤ በጋው አጭር ነው፣ ቤተ ሰብ ግን ዓመቱን ሙሉ ይበላል። ደንቡ እየተሻሻለ ሄደ፣ ማኅበሩም ጸና። እስከ ዛሬም ይሠራል።

ተራራው ግን የ1820ን ጉዳይ ገና አልፈጸመም ነበር። የበረዶ ግግር እንደ ዝግተኛ ወንዝ እንደሚፈስ ያጠናው የስኮትላንዱ ሳይንቲስት ጄምስ ፎርብስ፣ የጠፉት ሰዎች ቅሪት ከአርባ ዓመት ያህል በኋላ በግግሩ ግርጌ እንደሚወጣ አስቀድሞ ገምቶ ነበር። በ1861 የቦሶን ግግር የሦስቱን መሪዎች አጥንት፣ ልብስና ዕቃ በታችኛው ጫፉ መመለስ ጀመረ። የሳይንስ ግምት ትክክል ሆኖ ተገኘ። ለሟቾቹ ዘመዶች ግን ነገሩ ስሌት አልነበረም፤ አርባ አንድ ዓመት የዘገየ ቀብር ነበር።

ብዕር፣ ብሩሽና መነጽር

ለሻሞኒ በጋ መስፋፋት ከመንገድና ከማረፊያ ይልቅ የበለጠ ድርሻ ያበረከተው ኪነ ጥበብ ነው። እንግሊዛዊው ሠዓሊ ተርነር በ1802 መጥቶ የግግሮቹን ንድፍ ሠራ። በ1816 ገጣሚው ፐርሲ ሼሊና ሜሪ ሼሊ በሸለቆው ሰነበቱ። ያ ዓመት በኢንዶኔዥያ በ1815 የፈነዳው የታምቦራ እሳተ ገሞራ አመድ ሰማዩን ጋርዶት አውሮፓ በጋ ያጣችበት ዓመት ነበር። ሼሊ ስለ ሞን ብላን ግጥም ጻፈ። ሜሪም በ1818 ባወጣችው «ፍራንከንስታይን» በተባለው ልብ ወለድ ውስጥ ፈጣሪውና ፍጡሩ ፊት ለፊት የሚነጋገሩበትን ትዕይንት በሜር ደ ግላስ ላይ አደረገችው። እንግሊዛዊው አልበርት ስሚዝ ደግሞ በ1851 ጫፉን ወጥቶ ሲመለስ፣ ከ1852 እስከ 1858 ለንደን ውስጥ ጉዞውን በሥዕል መጋረጃና በትረካ ለሕዝብ አሳየ። ትርኢቱን ያዩ ብዙዎች በተከታዩ በጋ ተራራውን በዐይናቸው ለማየት ተነሡ።

በ1861 ኦጉስት ሮዛሊ ቢሶን ከሞን ብላን ጫፍ ላይ ፎቶግራፍ አነሣ። በዘመኑ ፎቶግራፍ ከባድ የመስታወት ሰሌዳ፣ መድኃኒትና የጨለማ ድንኳን ይጠይቅ ነበር። ይህንን ጓዝ የተሸከሙት ሃያ አምስት ሰዎች ነበሩ። ሥዕሎቹ ዛሬም የቢሶንን ስም ይዘው ይኖራሉ። ተሸካሚዎቹ ግን በዚያ ዘመን በነበሩት ምስሎች ሁሉ እንደሚታዩት በነጩ ሜዳ ላይ የተበተኑ ጥቋቁር ነጥቦች ናቸው። ሠዓሊው የተራራውን ግዝፈት ለማሳየት ሰውን ያሳንሳል፤ ይህ የጥበብ ዘዴ ነው። ታሪክ ጸሐፊ ግን ይህንኑ ዘዴ ሲከተል ስሕተት ይሆናል።

ባቡሩና በቅሎው

ሳቮይ በ1860 ከፈረንሳይ ጋር ተቀላቀለች፣ መንገዶችም ተሻሻሉ። በ1901 የባቡር ሐዲድ ሻሞኒ ደረሰ። እስከዚያ ድረስ ወደ ሞንታንቬር የሚወጣው እንግዳ በበቅሎ ወይም በእግሩ ነበር። እዚያም በ1795 የተሠራችውና «የተፈጥሮ ቤተ መቅደስ» የምትባለው ትንሽ የድንጋይ ማረፊያ ትጠብቀው ነበር፤ ዛሬም ቆማለች። ከሻሞኒ ወደ ሞንታንቬር የሚያወጣ ጥርስ ያለው ሐዲድ ሲታሰብ መሪዎችና ባለ በቅሎዎች እንጀራችንን ይወስድብናል ብለው ተቃወሙ። ሐዲዱ ግን ተሠራ፤ በ1909ም ባቡሩ 1913 ሜትር ከፍታ ላይ እስካለው ጣቢያ ደረሰ። በበቅሎ ሰዓታት ይፈጅ የነበረው መንገድ ወንበር ላይ ተቀምጠው መስኮት የሚመለከቱበት አጭር ጉዞ ሆነ።

ከዚህ በኋላ የሸለቆው ኑሮ በሌላ አቅጣጫ ሄደ። በ1924 የመጀመሪያው የክረምት ኦሊምፒክ በሻሞኒ ተደረገና የቅዝቃዜው ወራትም የእንግዳ ወራት ሆኑ። በ1955 ከከተማዋ እስከ 3800 ሜትር ገደማ ከፍታ የሚያወጣ በገመድ የሚሳብ መጓጓዣ ተከፈተ። በዛሬው በጋ ወደ ሻሞኒ የሚመጣ ሰው ሦስት አገሮችን አቋርጦ ሞን ብላንን የሚዞረውን 170 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በእግሩ ሊሄድ ይችላል። ዓለት መውጣት ይማራል፤ በጨርቅ ክንፍ ከከፍታ ይወርዳል፤ ከ2003 ጀምሮ በየዓመቱ በኦገስት መጨረሻ በዚያው ዙሪያ የሚደረገውን ሩጫ ይመለከታል ወይም ይሮጣል። ድርቆሽ አጫጁ የነበረበት መስክ በአብዛኛው የማረፊያ ቤትና የሱቅ ስፍራ ሆኗል።

ወደ ኋላ የሚሸሸው በረዶ

በ1644 የተጸለየው ጸሎት ዛሬ በሌላ መንገድ የተፈጸመ ይመስላል። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ሜር ደ ግላስ እስከ ሸለቆው ወለል ወርዶ ከመንደር ደጃፍ ይደርስ ነበር። ዛሬ ከሞንታንቬር ጣቢያ የሚመለከት ሰው በቅድሚያ የሚያየው ራቁቱን የቀረ ድንጋይና ኮረት ነው። በ1988 ከጣቢያው ወደ ግግሩ የሚያወርድ መጓጓዣ ሲሠራ ከመውረጃው እስከ በረዶው ሦስት ደረጃ ብቻ ይበቃ ነበር። በሠላሳ ዓመት ጊዜ ውስጥ ደረጃዎቹ ከ500 በላይ ሆኑ። በ2024 ግግሩን ተከትሎ ወደ ላይ የተዛወረ አዲስ መጓጓዣ ተከፈተ። በደረጃዎቹ መንገድ ላይ ግግሩ በተለያዩ ዓመታት የነበረበት ከፍታ ተጽፎ ይታይ ነበር፤ ወራጁ እንግዳ ዘመናትን እየረገጠ ይወርድ ነበር።

የሙቀቱ ጉዳት ውበትን በማሳጣት ብቻ አይወሰንም። ዓለቱን አጣብቆ የሚይዘው ውርጭ ሲቀልጥ ድንጋይ ይለቃል። በ2022 በጋ ሙቀቱ በመበርታቱና የድንጋይ ናዳው በመብዛቱ የሻሞኒ መሪዎች እንግዶችን በተለመደው መንገድ ወደ ሞን ብላን ጫፍ መውሰዳቸውን ለጊዜው አቋረጡ። የወቅቱ ዋና ገቢ በሚገኝበት ወር «አንሄድም» ማለት ቀላል ውሳኔ አይደለም። ነገር ግን ይህን ለማለት ያስቻለው ዕውቀት በ1741 እንግዶቹን የመራው ያው ዕውቀት ነው። መቼ እንደሚወጣ የሚያውቅ ሰው መቼ እንደማይወጣም ያውቃል።

በየዓመቱ ኦገስት 15 ቀን፣ እንግዳው በሚበዛበት በበጋው እኩሌታ፣ የመሪዎቹ በዓል በሻሞኒ ይከበራል። ገመዱና የበረዶ መጥረቢያው ይባረካል። በተራራው ላይ የሞቱት መሪዎች ስም አንድ በአንድ ይነበባል። ለመዝናናት የመጣው እንግዳ ለጥቂት ደቂቃ ዝም ብሎ ይሰማል። ሥዕሉ በነጥብ ያሳያቸው፣ ሐውልቱ የዘለላቸው፣ መጽሐፉ «መሪዎች» ብሎ በአንድ ቃል ያለፋቸው ሰዎች በዚያን ዕለት በየስማቸው ይጠራሉ። ተራራን የሚያስጎበኝ ሕዝብ ሁሉ፣ የትም አገር ቢሆን፣ ከሻሞኒ የሚማረው ትልቁ ነገር ይህ ነው፤ ለእንግዳው ጫፉን ማሳየት መልካም ነው፣ ወደ ጫፉ ያደረሰውን እግር የማን እንደሆነ መንገር ደግሞ ግዴታ ነው።